ጊምቢቹም አጨበጨበች

ነገሩ ከሆነ ሁለት ዓመት ሊሞላው ጥቂት ወራት ቀርተውታል። ከዚያ ወዲህ ሰው ሲያጨበጭብ በሰማሁ ቁጥር ያቅለሸልሸኛል። ሠርግም ይሁን የልጆች ምርቃት፣ ጭብጨባው ሲጀመር ተነስቼ እወጣለሁ። ባለቤቴ «ጨጓራ ነው፤ ሐኪም ዘንድ ሂጂ» ይለኛል። ጨጓራ እንዳልሆነ እኔ አውቃለሁ። ለእሱም ቢሆን ሁሉንም ዘርዝሬ አልነገርኩትም። እዚህ ልጻፈውና ይውጣልኝ።

ሆሳዕና ውስጥ በአንድ የግል ኮሌጅ ኮምፒውተር አስተምራለሁ። አባቴ ድሮ ከወሎ በመምህርነት ተመድቦ መጥቶ እዚሁ ቀረ። እኔም እዚሁ ተወልጄ፣ እዚሁ ተምሬ፣ እዚሁ ወልጃለሁ። ሀዲይኛ በደንብ እሰማለሁ፤ ስናገር ግን ተማሪዎቼ ይስቁብኛል።

ኮሌጃችን የአጸደ ሕፃናት መምህራንን በዲፕሎማ ያሠለጥናል። አብዛኞቹ ሠልጣኞች በዙሪያችን ካሉት ትንንሽ ከተሞች፣ ከጊምቢቹ፣ ከሀቢቾ፣ ከሞርሲቶ የሚመጡ ሴቶች ናቸው። ያን ጊዜ ቅዳሜ ቅዳሜ እየመጡ ይማሩ ነበር። ጡት የሚጠባ ልጅ ያላት ልጇን አዝላ ትመጣለች፤ ልጁ ሲያለቅስ ትወጣለች፤ ስትመለስ ትምህርቱ አልፏታል። ስለዚህ ዲናችን አንድ ቀን ሰብስቦን «ትምህርቱን በኢንተርኔት እንስጥ፤ ቤታቸው ተቀምጠው ይማሩ» ሲል ከሁሉም በላይ የተደሰትኩት እኔ ነበርኩ። እውነቴን ነው፣ ከስብሰባው ስወጣ መርቄዋለሁ።

ለዚህ ሥራ የሚሆነውን ሶፍትዌር የሚመርጥ ኮሚቴ ተቋቋመ። እኔ ሰብሳቢ ሆንኩ። ሬጅስትራሩ አቶ ኤርሲዶ አባል፣ የሕዝብ ግንኙነት ሠራተኛው ማቴዎስ ደግሞ ጸሐፊ ሆኑ።

ለማያውቀው ሰው ለመናገር ያህል፣ ይህ ዓይነቱ ሶፍትዌር መምህሩ ጽሑፉን፣ ድምፁን፣ ቪዲዮውንና ፈተናውን አዘጋጅቶ የሚያስቀምጥበት፣ ተማሪው ደግሞ በስልኩ ከፍቶ የሚማርበት ነው። ዓይነቱ ለጉድ ነው። አንድ ወር ሙሉ ስፈትሽ ከርሜ ሦስት አስቀረሁ። ሦስተኛው ለወጉ ያህል የገባ ነው፤ በእኛ ቤት ሦስት ካልቀረበ ምርጫ፣ ምርጫ አይባልም። እውነተኛው ፉክክር በሁለቱ መካከል ነበር።

የመጀመሪያውን «ቆንጆው» እለው ነበር። ስትከፍቺው ይንቀሳቀሳል፣ ያበራል፣ የኮሌጁ ዓርማ እየተሽከረከረ ይመጣል። ሁለተኛውን «ፉንጋው» አልኩት። ግራጫ ገጽ፣ ደቃቃ ፊደል፣ ምንም ጌጥ የለውም። ፉንጋው ግን አንድ ቁም ነገር ነበረው። ትምህርቱን አንዴ ኔትወርክ ያለበት ቦታ ሆነሽ ወደ ስልክሽ ካወረድሽ፣ ከዚያ በኋላ ያለ ኢንተርኔት ትማሪያለሽ። የቤት ሥራሽንም ሠርተሽ ታስቀምጫለሽ፤ ኔትወርክ ያገኘ ዕለት ራሱ ይልከዋል። ቆንጆው ደግሞ ኢንተርኔቱ ለአፍታ ከተቋረጠ ዓይኑን ይጨፍናል።

ቢሮ ቁጭ ብዬ መምረጥ አልፈለግኩም። ተማሪዎቹ የሚኖሩበት ቦታ ሄጄ፣ በገዛ ስልካቸው ልሞክረው ብዬ ጊምቢቹ ሄድኩ። ዘነበችን በቅርብ ያወቅኳት ያን ጊዜ ነው።

ዘነበች ከሠልጣኞቻችን አንዷ ናት። ጊምቢቹ አንድ አጸደ ሕፃናት ውስጥ አርባ ምናምን ልጆች ታስተምራለች። ሠላሳ ዓመት ቢሆናት ነው። ልጆቿን የምታሳድገው፣ ታማሚ እናቷንም የምታስታምመው ብቻዋን ነው። ትምህርት ቤቷ በሚቀጥለው ዓመት ዲፕሎማ ያልያዘ ሰው ክፍል ይዞ አያስተምርም፣ ረዳት ይሆናል ብሎ አስታውቋል። ረዳት ማለት ሕፃናቱን ሽንት ቤት የሚወስድ፣ እጅ የሚያስታጥብ ነው። ክቡር ሥራ ነው፤ ግን ሰባት ዓመት ሙሉ «እትዬ ዘነበች» እያሏት ፊደል ያስቆጠረች ሴት ወደዚያ ስትወርድ ምን ማለት እንደሆነ መምህር የሆነ ሰው ያውቀዋል። ሆሳዕና መመላለሱ ደግሞ እያቃታት ነበር። እናቷን ጥላ በመጣች ቁጥር ልቧ እዚያው ነው። በአጭሩ፣ ይህ የኢንተርኔት ትምህርት ከተሳካ ዘነበች መምህርት ሆና ትቀጥላለች። ካልተሳካ አበቃ።

ስልኳ መስታወቱ የተሰነጠቀ ርካሽ ስልክ ነው። መጀመሪያ ቆንጆውን ከፈትንላት። ክቡ ነገር መዞር ጀመረ። ዞረ፣ ዞረ። ከክፍሉ ወጥተን ግቢው ጥግ ቆምን፤ ዞረ። ዳገቱ ላይ ወጣን፤ እዚያም ዞረ። ዘነበች አፏን በነጠላዋ ይዛ ሳቀች።

«ቲቸር፣ ይሄ ነገር ይዞራል እንጂ አይደርስም» አለችኝ።

ፉንጋውን እዚያው ዳገቱ ላይ አወረድንላት። በማግስቱ ወደ ሀቢቾ ለተመሳሳይ ሙከራ ሄጄ ስመለስ፣ የዘነበች የመጀመሪያ የቤት ሥራ ኮምፒውተሬ ላይ ደርሶ አገኘሁት። ልጆቹ ባቄላና አተር እየለዩ ሲቆጥሩ አንስታ ልካለች። ከሥሩም «ቲቸር፣ ሌሊት እናቴ ስትተኛ ነው የተማርኩት። ሁለተኛውን ትምህርት ይላኩልኝ» የሚል ጽሑፍ አለ። ሀያ ዓመት ሳስተምር «ሁለተኛውን ይላኩልኝ» ያለኝ ተማሪ እሷ ብቻ ናት።

የሦስቱንም ከተሞች ሙከራ አንድ በአንድ ጽፌ አሥራ አራት ገጽ ሪፖርት አዘጋጀሁ። በስብሰባው ቀን ዲኑ ገጾቹን ፎቶ እንደሚፈልግ ሰው አገላበጣቸው። ፎቶ አልነበረውም። አስቀመጠው።

ከዚያ ማቴዎስ ተነሳና ቆንጆውን በትልቁ ስክሪን ከፈተው። ለካ ከሻጮቹ ጋር ተነጋግሮ አስቀድሞ አሰናድቶት ነበር። ዓርማው እየተሽከረከረ መጣ፤ ሙዚቃ ተሰማ፤ ቀጥሎ ማን ብቅ ቢል ጥሩ ነው? ዲናችን ራሱ! በሱፍ ልብስ፣ እጆቹን አጣምሮ፣ «ውድ ተማሪዎቻችን፣ እንኳን ደህና መጣችሁ» ይላል። ዲኑ ራሱን ሲያይ ፊቱ እንዴት እንደበራ ማየት ነበረባችሁ። ሁለተኛ አስደገመው።

«ይሄ ኮሌጅ ይመስላል» አለ በመጨረሻ። «ያኛው የሰፈር እድር መዝገብ ነው የሚመስለው።»

«ጊምቢቹ ላይ እኮ አይከፈትም» አልኩ።

«ኔትወርክ ይሻሻላል።»

«መቼ?»

«ሁልጊዜ ክፉ ክፉውን አትይ እንጂ፣ እህቴ» አለኝ፤ ሁሉም ሳቁ። አቶ ኤርሲዶ እንኳ ሳቀ። እሱ ከእኔ ጋር ሞርሲቶ ድረስ ሄዶ በዓይኑ ያየ ሰው ነው።

ቃለ ጉባኤው ከሰዓት በኋላ ደረሰኝ። «ኮሚቴው ሦስቱንም አማራጮች በተማሪዎች መኖሪያ አካባቢ በመገኘት በጥልቀት ከመረመረ በኋላ የመጀመሪያውን አማራጭ በሙሉ ድምፅ መርጧል» ይላል። በሙሉ ድምፅ! በእግሬ ዳገት ወጥቼ ያገኘሁትን እውነት ገልብጠው፣ የእኔኑ ጉዞ ለራሳቸው ውሸት ምስክር አደረጉት። ደሜ ፈላ። አቶ ኤርሲዶ ቢሮዬ መጥቶ በሩን ገፋ አደረገና «ተይው፣ ፈርሚ። አንቺ ብቻ ለምን ትለያለሽ? ዝም አይነቅዝም» አለኝ።

ፈረምኩ። ለምን ፈረምሽ የሚለኝ ሰው ካለ የሚያረካ መልስ የለኝም። ማንም አላስፈራራኝም። የኮንትራት ማደሻዬ ደርሶ ነበር፤ እሱ አንድ ነገር ነው። ግን በዋናነት ደከመኝ። መሥሪያ ቤት ውስጥ ስብሰባ የለመደ ሰው ይህን ድካም ያውቀዋል።

ዋናው ቅሌት የመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

ዲኑ ሥራውን ሳይጀምር ማስመረቅ ፈለገ። ከዞን ባለሥልጣናት፣ ከሌሎች ኮሌጆች እንግዶች፣ ፓስተሮች፣ የአገር ሽማግሌዎች ተጠሩ። ባነር ተሰቀለ፤ ለምሳ በሬ ተገዛ። የፕሮግራሙ ቁንጮ «ከጊምቢቹ በቀጥታ» የሚል ነበር። አንዲት ተማሪ ከመኖሪያዋ ሆና፣ በቆንጆው አማካይነት፣ አዳራሹ ውስጥ ባለው ስክሪን ላይ ታይታ ለእንግዶች ትናገራለች። የተመረጠችው ተማሪ ዘነበች ናት። ስሟን ያገኙት ከእኔ ሪፖርት ላይ ነው።

ከምረቃው ሁለት ቀን ቀደም ብሎ ማቴዎስ ሊሞክረው ጊምቢቹ ሄደ። ሲመለስ ፊቱ አመድ መስሏል። አልሠራም። እኔማ አሥራ አራት ገጽ ጽፌ ነበር፤ ማን አንብቦት! ከዲኑ ጋር በር ዘግተው ተነጋገሩ። ከዚያ ማቴዎስ ወደ እኔ መጣ፤ አሁን እየሳቀ ነው።

«ተፈታ። እዚሁ እናመጣታለን።»

«የት እዚሁ?»

«ኮምፒውተር ክፍል። ከአዳራሹ ጎን።»

ቀልድ መስሎኝ ነበር።

በምረቃው ዕለት ጠዋት ኮምፒውተር ክፍሉን ስከፍት አንድ ጥግ ተለውጧል። ግድግዳው ላይ የሀ ሁ ሰንጠረዥ፣ የቁጥር ሰንጠረዥ፣ ሕፃናት በከለር የሳሏቸው ላሞችና ቤቶች ተለጥፈዋል። ቀረብ ብዬ ሳይ ጥግ ጥጉ ተቀዷል። ከዘነበች ክፍል ግድግዳ ላይ ገንጥለው ያመጧቸው ናቸው። ጊምቢቹን ከግድግዳ ላይ ልጠው አምጥተው ሆሳዕና ለጠፏት። ሰው ለውሸት ይህን ያህል ይደክማል? ግማሹን ድካም ለእውነቱ ቢያውሉት ኖሮ እኮ ሴትየዋ ተምራ ነበር!

ዘነበች በኮሌጁ መኪና ደረሰች። የክት ቀሚሷን ለብሳለች። ሰንጠረዦቹን ስታይ ቆም አለች።

«ቲቸር፣ ይሄ የኔ አይደለም?»

«ነው።»

«ዛሬ ልጆቹ በምን ሊማሩ ነው?»

ማቴዎስ ኮምፒውተሩን እንድይዝላት፣ የምትለውንም እንዳስጠናት ነግሮኝ መድረክ ሊመራ ወደ አዳራሹ ሄደ። ወንበር ሰጠኋት።

«ምን ልበል?» አለችኝ።

እንግዲህ ይህን እኔ ነኝ ያልኩት፤ ማቴዎስ አይደለም፣ ዲኑ አይደለም። «ስሜ ዘነበች ይባላል፣ የምናገረው ከጊምቢቹ ነው በይ። ትምህርቱ ጥርት ብሎ እየደረሰኝ ነው በይና አመስግኚ» አልኳት።

አየችኝ። «እዚህ ቁጭ ብዬ?»

«ሁለት ደቂቃ ነው፣ ዘኒ።»

በሀዲይኛ ለራሷ አንድ ነገር አለች። ጌታን ይቅርታ እየጠየቀች ነበር። ሰማኋት፤ እንዳልገባኝ ሆንኩ።

አዳራሹና ኮምፒውተር ክፍሉ በቺፕውድ ነው የተከፈሉት። በወዲያ በኩል ሰው ሲያስነጥስ በወዲህ በኩል ይማርሽ ማለት ይቻላል። ይህን ደግሞ ከማቴዎስም ከዲኑም አንዳቸውም አላሰቡትም። እኔ አስቤዋለሁ፤ ግን ዝም አልኩ። ቢበላሽ ደስ ይለኝ ነበር መሰለኝ።

ማቴዎስ በግድግዳው ወዲያ ሲጮህ ይሰማናል። «አሁን ደግሞ፣ ክቡራን እንግዶች፣ በቀጥታ ወደ ጊምቢቹ እንሄዳለን!» ካሜራውን ከፈትኩ። ዘነበች ጀመረች። ስሟን አለች። ከጊምቢቹ ነው የምናገረው አለች። ያንን ስትል ዓይኗ ከካሜራው ላይ ተነስቶ እኔ ላይ አረፈ። ትምህርቱ ጥርት ብሎ እየደረሰኝ ነው አለች። አመሰገነች። ጨረሰች።

አዳራሹ አጨበጨበ። ጭብጨባው በቺፕውዱ አልፎ ክፍላችንን ሞላው፤ በዘነበች ኮምፒውተር ማይክ ገባ፤ ተመልሶ ደግሞ በአዳራሹ ስፒከር ወጣ። እንግዶቹ ማጨብጨብ ሲያቆሙ የራሳቸው ጭብጨባ፣ ትንሽ ዘግየት ብሎ፣ ከስክሪኑ እየመጣ ነበር። የአንድ ሰው ሳል እንኳ ሳይቀር ተመልሶ ተሰማ።

አዳራሹ ጸጥ አለ። አሁን አንድ ሰው ይነሳል፣ ምንድን ነው ይሄ ይላል ብዬ ጠበቅሁ። ፓስተሮች አሉ፤ ሽማግሌዎች አሉ፤ ኃላፊዎች አሉ። አንድ ሰው ብቻ ይበቃል።

የተነሳው የማቴዎስ ድምፅ ነው። «ክቡራን እንግዶች፣ እንደምትሰሙት ጊምቢቹም እያጨበጨበች ነው!»

ሳቅ ተሰማ። ከዚያ እንደገና፣ ከበፊቱ አብልጠው አጨበጨቡ።

ካሜራውን ዘጋሁ። «ቲቸር፣ አወቁብን?» አለችኝ በሹክሹክታ።

«አላወቁም» አልኳት። የዚያ ቀን ሁለተኛ ውሸቴ መሆኑ ነው።

ማወቃቸውንማ ምሳ ላይ አረጋገጥኩ። ለክብር እንግዶች ክትፎና በቅቤ የበሰለ ቡላ፣ አተካና የሚባለው፣ ቀርቧል። ከእንግዶቹ አንዱ፣ የተከበረ ሰው ነው፣ ቅቤው በአገጩ እየወረደ ወደ እኔ ዞረና ዓይኑን ጠቀስ አደረገ። «የእናንተ ጊምቢቹ እንዴት ቅርብ ናት ባካችሁ! በግድግዳ ነው እንዴ የምንዋሰናት?» አለና ከት ብሎ ሳቀ። አጠገቡ ያሉትም ሳቁ። ያውቃሉ! ሁሉም ያውቃሉ። አንዳቸውም አልተቆጡም፤ አላፈሩም። ጉርሻ አቀረበልኝ። ዓይን ያወጣ ውሸት አይቻለሁ፤ ተዋሽቶ፣ ታውቆ፣ ተጨብጭቦለት፣ በላዩ ላይ ክትፎ የተበላበት ውሸት ግን ያየሁት ያን ቀን ነው። ጉርሻውን ተቀበልኩ። ከዚያ ጓሮ ሄጄ ተፋሁት።

ስመለስ ዘነበች ኮምፒውተር ክፍል ውስጥ ወንበር ላይ ቆማ ሰንጠረዦቹን በጥፍሯ እያላቀቀች ነበር። ምሳ የጠራት የለም። ያመጣት መኪና እንግዳ ሊሸኝ ሄዷል። የሀ ሁ ሰንጠረዡ ለሁለት ተቀዶባታል፤ ጠቅልላ በክንዷ አቀፈችውና በእግሯ ወደ መናኸሪያ ሄደች።

ትምህርቱ ተጀመረ። ያልኩት አልቀረም፤ ከሆሳዕና ውጭ ያሉት ተማሪዎች ሊከፍቱት አልቻሉም። ምን ሆነ መሰላችሁ? ቅዳሜ ቅዳሜ እንደ ድሮው በሚኒባስ እየመጡ የኮሌጁ ዋይፋይ ያለበት በረንዳ ላይ ተደርድረው መማር ጀመሩ። ቤታቸው ሆነው እንዲማሩ የተባሉት ሴቶች፣ የመምህሩን ቪዲዮ ለማየት መንገድ ይቆርጣሉ። መምህሩ ደግሞ ከበረንዳው ሃያ እርምጃ ርቆ ቢሮው ውስጥ ተቀምጧል፤ ወጥቶ ቢያስተምራቸው ግን «የኢንተርኔት ትምህርት» አይሆንማ! ከተማሪዎቹ አንዷ «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» ስትል ሰምቼ አንገቴን ደፍቼ አለፍኩ። ያን ጊዜ ላሟን የመረጥኩት እኔ እንደሆንኩ ቃለ ጉባኤው ይመሰክራል።

በዚህ መሃል ከዱራሜ በኩል የአንድ ሌላ ኮሌጅ ሰዎች ተሞክሮ ሊቀስሙ መጡ። ተሞክሮ! እንግዶች ስለነበሩ በዚያ ዕለት በረንዳው ተጠርጎ ተማሪዎቹ ወደ ጓሮ ተወሰዱ። ዲኑ እንድገልጽላቸው አዘዘኝ፤ ገለጽኩ። «አንቺ እንደ ባለሙያ ትመክሪናለሽ?» አለኝ አንዱ፣ በሁሉም ፊት። «ጥሩ ነው» አልኩ። ሲወጡ ኮሪደር ላይ ሰውየውን እጁን ይዤ «እንዳትገዙት» ብዬ ሹክ አልኩት። እውነትን እንደ ሌባ ኮሪደር ላይ ነው የተናገርኳት። ለዚያች ሹክሹክታ ራሴን ለማመስገን ሞክሬ ነበር፤ አልሆነልኝም።

የማጠቃለያ ፈተናው ረቡዕ ቀን ከሦስት ሰዓት እስከ አራት ሰዓት ሆነ። ቆንጆው ፈተናውን ለአንድ ሰዓት ብቻ ነው የሚከፍተው። ረቡዕ የሥራ ቀን ነው፤ የዘነበች ትምህርት ቤት አልለቅሽም አላት። የፈተናውን ቀን ቅዳሜ እንዲያደርጉት ሄጄ ለመንኩ። ማቴዎስ «ኦንላይን እኮ ነው፤ የትም ሆና መፈተን ትችላለች» አለኝ። ቀልዱን አይደለም። በዚያ ሁሉ ጭብጨባ መካከል ራሱም አምኖት ነበር።

ሦስት ሰዓት ከአርባ ላይ ስልኬ ጮኸ። ነፋስ ይሰማል፤ የሕፃናት ድምፅም ይሰማል። ልጆቹን ይዛ ዳገቱ ላይ ወጥታለች።

«ቲቸር፣ በስንት መከራ ተከፍቶልኝ ስድስተኛው ጥያቄ ላይ ቆመ። ይዞራል።»

«ዝጊውና እንደገና ክፈቺው።»

«አራቴ ዘጋሁት።» ትንፋሿ ይቆራረጣል። «ቲቸር፣ ዲኑ አጠገብዎ የሉም? ወይ ጋሽ ማቴዎስ? ይንገሩልኝ፣ እየተፈተነች ነው ይበሉልኝ።»

«የሉም፣ ዘኒ። እስቲ ትንሽ ጠብቂ...»

ነፋሱ ብቻ ይሰማል። ከዚያ፣ ቁጣ በሌለው ድምፅ፣ እንዲህ አለችኝ፦

«ያን ቀን ከጎን ክፍል ሆኜ ስዋሽ አዳራሹ ሙሉ ሰማኝ። ኮምፒውተሩን የያዙልኝ እርስዎ ነበሩ። ዛሬ እውነት ጊምቢቹ ነኝ፣ ቲቸር። ማን ነው የሚሰማኝ?»

ስሟን ጠራሁ። መስመሩ ተቆረጠ። እግዚአብሔር ያውቃል፣ በመቆረጡ ደስ አለኝ።

ውጤት ሲለጠፍ በስሟ ትይዩ «በራሷ ምክንያት ያቋረጠች» ይላል። ከእሷ ጋር አሥራ አንድ ሴቶች አሉ፤ ሁሉም የሩቅ ከተሞች ልጆች፤ ሁሉም «በራሳቸው ምክንያት»። ዝርዝሩን እንድፈርም አቶ ኤርሲዶ ሲያመጣልኝ አልፈርምም አልኩ። አልተከራከረኝም፤ «ግድ የለም» ብሎ ይዞት ሄደ። የሌላ ሰው ፊርማ በቂ ነበር። እምቢታዬ ለማንም አልጠቀመም፤ በጊዜው ቢሆን ኖሮ ይጠቅም ነበር።

ዘነበች በመስከረም ረዳት ሆነች።

እኔ አሁንም እዚያው እሠራለሁ። ቆንጆው አሁንም ይሠራል፤ ዲኑ አሁንም እጆቹን አጣምሮ እንኳን ደህና መጣችሁ ይላል። እነሱን መጸየፍ ይቀለኛል። ምሳ ሰዓት አብሬያቸው አልቀመጥም፤ ሰላምታቸው ሳይቀር ያንገሸግሸኛል። የሚከብደኝ ግን የራሴ ነው። አንዳንድ ሰው ክፉ ሲሠራ አይቼ ዝም አልኩ ብሎ ይጸጸታል። እኔ ዝም ብቻ አላልኩም፤ ምን እንደምትል አስጠናኋት።

ባለፈው ወር መናኸሪያ ውስጥ ተገናኘን። እናቷን ለሕክምና አምጥታ ነበር። ከሩቅ አየችኝ፤ ፊቴን ላዞር ስል ደረሰችብኝና አቀፈችኝ። ስለ ልጆቼ ጠየቀችኝ፤ ስለ ጤናዬ ጠየቀችኝ። ብትሰድበኝ እንዴት በወደድኩ! ከዚያ ወደ እናቷ ጎንበስ ብላ፣ እኔን በኩራት እያሳየች፣ በሀዲይኛ ነገረቻት፦

«ያስተማረችኝ መምህርቴ ናት።»

እናቷ ሁለት እጆቼን ይዛ መረቀችኝ። አሜን አልኩ፤ ሌላ ምን እላለሁ። ልጇ ከእኔ የተማረችው አንድ ነገር ብቻ መሆኑን እንዴት ብዬ ልንገራት፤ እሱም ግድግዳ ተደግፎ «ከጊምቢቹ ነው የምናገረው» ማለት ነው።